የማይቆጣው አዳራሽ

ዩኒቨርሲቲው የስብሰባ አዳራሹን በአዲስ የድምፅና የምስል መሣሪያ ካሳደሰ ወዲህ፣ ከዚያ ክፍል የቁጣ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ማይክሮፎኑ ጩኸትን ይቀበልና ቃሉንም ቃናውንም አለስልሶ ያስተላልፋል። እዚያ ሆነው የሚያወሩበት የግል ስልክ እንኳ በዚያው መሣሪያ ነው የሚያልፈው። ለዚህ ጉድ ሪባን ተቆርጦለታል።

የኬሚስትሪ መምህርቷ ዶክተር የትናየት ማይኩ ፊት ብቻዋን ቆማለች። የሴኔቱ አባላት ከየቤታቸው በስክሪን ያዩዋታል።

«ባለፈው ስብሰባ ላይ ልጄ በቪዲዮ ደወለችልኝ። የፈላ ድስት ከምድጃ ልታወርድ ስትል አየኋትና ‹አትንኪው!› ብዬ ጮህኩ። ይሄ መሣሪያችሁ ምን አላት? ‹የኔ ቆንጆ፣ ባትነኪው ደስ ይለኛል!› ልጄ ፈገግ ብላ አነሳችው። እጇ ተቃጠለ! ንቀሉት ይህን መዓት!»

ስፒከሩ በለሰለሰ ድምፅ፣ «መሣሪያው ላይ ጥቂት ማሻሻያ ቢደረግ መልካም ነው» አለ።

«ለገንቢ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ዶክተር» አሉ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው።

ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተችው። ስፒከሩ ቡጢውን ጭብጨባ አደረገው፤ አባላቱም ተከትለው አጨበጨቡ።

ደሟ እንደፈላ ቤቷ ገባች። ልጇ ሶስና፣ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ እንደገና ወደ ምድጃው ስትጠጋ አገኘቻት።

«አንቺ! ዞር በይ ከዚያ!» ብላ ቤቱን አናጋችው።

ልጅቷ ክው ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ ያን ቀንም እንዲህ ብትቆጪኝ ኖሮ እኮ አልነካውም ነበር።»