ከክሊፍ ፊት የሚቆመው ሰው

የ«ጥቀርሻዎቹ»ን ዘፈኖች ሁሉ የደረሰው ክሊፍ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ዋረንን ነበር።

ባንዱ የተወለደው አውስትራሊያ፣ ፖርት ኬምብላ ውስጥ፣ በክሊፍ አባት ቤት፣ መኪናው ውጭ እያደረ በተለቀቀላቸው ጠባብ ጋራዥ ነው። ክሊፍ ጊታር፣ ስቶያን ከበሮ፣ ዳሪል ቤዝ ያዙ። ዋረን ምንም መጫወት ስለማይችል ዘፋኝ ሆነ። አራቱም የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። የሙዚቃ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ንዴት ግን ሞልቷቸዋል። የሰፈሩ መጠጥ ቤቶች በየተራ አባረሯቸው። ከዚያ ሲድኒ ወረፋ እየተያዘ ይገባላቸው ጀመር። ሁለተኛው ሸክላቸው በሬዲዮ እንዳይሰማ ሲከለከል ደግሞ ዝናቸው አገር አዳረሰ።

በዚያው ሰሞን ዋረን አዲስ አመል አመጣ። ዘፈን ሊጀመር ሲል ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ክሊፍ ፊት ይገተራል። ዓይን ዓይኑን እያየ ወለሉን በጫማው ይደልቃል። ዘፈኑ እስኪያልቅም ከፊቱ ብዙ አይርቅም። ልጃገረዶቹ አበዱለት። ጋዜጦቹ «የዋረን እርግጫ» ብለው ስም አወጡለት። ስለ ጊታሩ አንድ መስመር የጻፈ አልተገኘም።

«ሰውዬው እኮ መጋረጃ ሆነብኝ» አለ ክሊፍ አንድ ቀን ልምምድ ላይ።

ስቶያን ከበሮው ላይ አጎንብሶ የሆነ ነገር መለሰ።

«ስታወራ ወደ እኔ ዙር! ሁላችሁም ማጉረምረም ለመዳችሁ!»

ስቶያን ቀና አለ። «ተወው ነው የምልህ፣ ወንድሜ። ይሄ ባንድ የቆመው በዚያ እርግጫ ነው።»

ይቺ ቃል ክሊፍ ሆድ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። የማን ዘፈን፣ የማን እርግጫ! ዋረን ጺሙን ካሳደገ ወዲህ ደግሞ ንግግሩ ሁሉ ተድበሰበሰ። ዝና ነው፣ አለ ክሊፍ በልቡ፤ ዝና የጠገበ ሰው ለጓደኛው አፉን መክፈት ይከብደዋል።

ነገሩ መድረክ ላይ ቢቀር ኖሮ እንኳ ይቻል ነበር።

አንድ ከሰዓት ክሊፍ ቤቱ በጓሮ በር ሲገባ፣ ዋረንና የገዛ ሚስቱ የክሊፍ ሚስት ግሌኒስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሻያቸው ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ በታች ነው። ግሌኒስ ድንገት አየችውና ክው አለች። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«ምነው? ቀጥሉ እንጂ!» አለ ክሊፍ።

«ስለ አንተ ነበር የምናወራው» አለች።

«እሱማ ይገባኛል።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ስልክ ላይ ሆና ሲያገኛት፣ ማን ነው ሳይል መልሱን ያውቀዋል። የዋረን መኪና ከቤታቸው ማዶ ቆማ ስትታይ ደሙ ይፈላል። ግሌኒስ ከጀርባው ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም፤ ድንገት አጠገቡ ናት። ሌባም እንዲህ አይራመድም፣ ይላል።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እጁን ያዘችው።

«የኔ ሆድ፣ ሲድኒ የምንሄድበት ቦታ አለ። ቀጠሮ ይዣለሁ። አብረኸኝ ትመጣለህ?»

«ጠበቃ ጋ ነው? ልትፈቺኝ ነው?»

ግሌኒስ እጁን ለቀቀች። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየተናገረች እንደሆነ ከአንገቷ ያስታውቃል። ጮክ ብላ ለመናገር ግን አልደፈረችም። ስትዞር እሱ ወጥቶ ሄዷል።

በቀጥታ ልምምድ ቦታው ሄደና ዋረንን ግድግዳ አስደገፈው።

«ከሚስቴ ጋር ምንድን ነው የምትሾካሾከው?»

«እሷ ትንገርህ። እኔ አፌን ልዘጋ ምዬላታለሁ።»

«ምለህላታል! ስማ አንተ፣ ዘፈኑ የኔ፣ ባንዱ የኔ፣ ሚስቲቱም የኔ! ከዛሬ ጀምሮ መድረኬ ላይ እግርህን እንዳላይ!»

ዋረን አልተሳደበም። «እሺ፣ እሄዳለሁ። የቅዳሜውን የሜዳ ኮንሰርት ብቻ ከፊትህ ልቁም። በእናትህ፣ ክሊፍ፤ ቅዳሜን ብቻ።»

«አያችሁት?» አለ ክሊፍ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «አሁንም የሚለምነው መድረኩን ነው!»

ስቶያን ሄዶ ከበሮው ጋ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሜዳው ጢም ብሏል። ማይክራፎኑን ክሊፍ ራሱ ጨበጠው። ስንት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ በእሱና በሕዝቡ መካከል የቆመ ሰው የለም። ጊታሩን ሲመታው ደረቱ ነዘረ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ዘፈነ።

ዓይኑን ሲገልጥ ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ወደ ላይ ያወናጭፋል። አብረውት እየዘፈኑ ነው! ስቶያን ከበሮውን ትቶ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። ይሄም ቀናብኝ፣ አለ ክሊፍ በልቡ፤ እጁን አሽቀነጠረለት።

ከዚያ ከታች አያቸው። ዋረን ሰው እየገፈተረ፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ እያወዛወዘ ይመጣል። ግሌኒስ ከጎኑ ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች። አብረው መጡ፤ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ!

ይዩኝ አለ ክሊፍ፤ እርር ይበሉ። ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ፣ እየሳቀ፣ ጊታሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ደበደበው።

የመድረኩ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ጊታሩም ማይክራፎኑም ጸጥ ካሉ ቆይተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይህን ያልሰማው ክሊፍ ብቻ ነበር።