ለአንድ ሰው የሚቀል ሶፋ

ባልና ሚስት የሚያቀራርብ ሳሎን በማሰናዳት የታወቀችው ዲዛይነር፣ የእትዬ ውድነሽ ቤት እንደገባች ችግሩ የገባት መሰላት። ሁለት ከባድ ሶፋዎች ከግድግዳ ግድግዳ ተፋጥጠዋል። ጋሽ ደምሰው ከአንዱ ላይ ሆነው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ሚስታቸው ከሌላው ላይ ሆነው እሳቸውን ያያሉ።

«አንድ ሰፊ ሶፋ አድርገን ጎን ለጎን ብትቀመጡስ? መብራቱም እንደ ስሜታችሁ ደመቅ፣ ደብዘዝ የሚል ይሁን» አለች።

«መብራቱን እንዳልሽ። ሶፋው ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣው ይሁን። ምንጣፉም የሚጠቀለል፣ ጠረጴዛውም የሚታጠፍ» አሉ እትዬ ውድነሽ።

ዲዛይነሯን ቅር አላት። ሴትዮዋ ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ባላቸውን ጥለው ሊወጡ ነው ብላ ጠረጠረች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የሚኖሩበት ቤት አይመስልም» አለች፤ ነገሩ ከንክኗት።

እትዬ ውድነሽ ባላቸው እንዳይሰሙ እጇን ይዘው ወደ ኩሽና ወሰዷት።

«እናቱ የሞተች ጊዜ ሳሎኑን ለለቅሶተኛ ባዶ ላድርግ ብሎ ቡፌውን ብቻውን ሲያነሣ ነው ወገቡ የተቀጨው። ጎረቤት እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ እንዲህ ነው እሱ። አሁንማ ከበድ ያለ ዕቃ ማንሣት አይችልም።»

ወደ ሳሎኑ አንገታቸውን አስግገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐኪሞቹ እኔን ከጥቅምት አታልፊም ብለውኛል። እሱ አያውቅም። እባክሽ ልጄ፣ ቀለል ያለ እንጨት ፈልጊልኝ።»