ወር የሚቆየው ቀለም

የደንበኛዋ ታናሽ እህት ፊት ለፊት ካለው ሆስፒታል እየሮጠች መጥታ «ነርሷ የእህትሽን ጥፍር የሠራችው ሴት የቀለም ማስለቀቂያዋን ይዛ ትምጣ ብላለች» ስትላት፣ ጥፍር ሠሪዋ የያዘችውን ሞረድ ጣለች። ትናንት «የጄል ቀለሙን ተዪው፤ ይሄ ጥፍር የሚነከርበት ዲፕ የሚሉት ዱቄት ወር ሙሉ ንቅንቅ አይልም» ብላ ያግባባቻት እሷው ናት። «በዱቄቴ ገደልኳት» እያለች አሴቶኗን አንጠልጥላ ሮጠች።

ደንበኛዋ አልጋ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ሳል ይዟት ነው የመጣችው» አለች ነርሷ፣ የታማሚዋ ጣት ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ እያሳየቻት። «ዘጠና አምስት ማለት ሲገባው ሰባ ሁለት ይላል። ጥፍሯ ላይ የደረብሽው ነገር ነው የሚያሳስተው። አንዱን ብቻ ቶሎ አንሺልኝ።»

ጥፍር ሠሪዋ እፎይ አለች። የታማሚዋን ጣት አሴቶን በነከረችው ጥጥ ጠቀለለች፣ ጠበቀች፣ ፋቀች። ያ ስታሞግሰው የከረመችው ጥንካሬ አሁን አልላቀቅ አላት። በመጨረሻ ሰማያዊው ቅርፊት ተላጦ ወደቀ።

ከሥሩ ያለው ጥፍርም ሰማያዊ ነበር። ቀለሙ የሰረገ መስሏት ደጋግማ ፈተገችው።

ነርሷ መለኪያውን ባዶው ጥፍር ላይ ሰካችው። ሰባ አለ።

ጥፍር ሠሪዋ ጥጡን እንደገና ስታነሳ ነርሷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው፣ ቀለም አይደለም፤ ኦክስጅን አጥሯት ነው የጠቆረው» አለቻትና ወደ ኮሪደሩ ዞራ «ዶክተር!» ብላ ጮኸች።