ከሌንሱ ሥር ያለው አረፋ

በውኃ የተሞላው ሌንስ በዓይን ሐኪሟ ጣቶች ተይዞ ከታች ወደ ዓይኔ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ በተጋደመው መስታወት ላይ አቀርቅሬያለሁ። ቅዝቃዜው ይነካኛል፤ ወዲያው ውኃው በጉንጬ ላይ ይፈስሳል።

«ቀና በል» ትላለች ዶክተሯ። ሰማያዊ መብራት ስታበራብኝ ክፍሉ ባሕር ውስጥ የሰጠመ ይመስላል። «አሁንም ከሥሩ የአየር አረፋ ገብቶበታል።»

ከኋላዬ ታላቅ እህቴ በረጅሙ ትተነፍሳለች። የዓይኔ ፊት እንደ እንቁላል ጫፍ ሾጥጧል፤ መነጽር አይረዳውም። ይህ ትልቅ ሌንስ ካልተስማማኝ የሚቀረኝ ቀዶ ጥገና ነው፤ የእሱ ተራ ደግሞ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የአንድ ደንበኛ ጆሮ ካደማሁ ወዲህ ምላጭ አልነካሁም።

ዶክተሯ ያየችውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ላለው ሰው ሰራሽ አስተውሎት ትጽፍለታለች። መልሱን ጮክ ብላ ታነብልናለች።

«ልኩ ትክክል ይመስላል። አረፋው በየጊዜው ቦታ ስለሚቀይር ጥፋቱ የሌንሱ ላይሆን ይችላል። እኔ ማየት ስለማልችል እናንተን ልጠይቅ፤ ሌንሱ ሲቀርበው የት ነው የሚያየው?»

«መሬት ነዋ!» ትላለች እህቴ። «ዓይነ አፋር ነው። እናታችንን እንኳ በጫማዋ ነው የሚለያት።»

ዶክተሯ ሳቋን ታፍናለች። «ወንድሜ፣ እስቲ ንገረኝ፤ የት ነበር የምታየው?»

«እጅዎን፣ ዶክተር።» «ስሠራም እንደዚሁ ነኝ። መስታወት ውስጥ የምከተለው ምላጭ የያዘውን እጄን ነው። የራሴን ፊት አላይም።»

«በል አሁን እጄን እርሳው። ዓይንህ አብሮት ሲሄድ እኮ ነው ሌንሱ ተንጋዶ የሚያርፈው። የራስህን ዓይን እይ።»

«አይዞህ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አይነክስህም» ትላለች እህቴ።

አቀረቅራለሁ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ዓይን አለ፤ ሁሉን ነገር ደራርቤ ስለማይ በዙሪያው ጥላዎቹ ተደርድረዋል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሥር የበራ ፋኖስ ይመስላል። ያየኛል። አፍራለሁ፤ ግን አልሸሽም። እጇ እንደ ዓሣ ከጎን ሲዋኝ ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። ቅዝቃዜው ይመጣል፤ ዓይኔን ይቀበላል። አንዲት ጠብታ አትፈስስም።

ሰማያዊው መብራት እንደገና ይበራል። ዶክተሯ ትንፋሿን ውጣ ታያለች። አረፋውን እንዲያሳይ ውኃው ውስጥ የተጨመረው አረንጓዴ ቀለም ሳይቆራረጥ ተንጣሏል።

«ገባ» ትላለች በሹክሹክታ።

ቀና እላለሁ። በሩ፣ ወንበሩ፣ የግድግዳው ጠርዝ ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀስ እያሉ ወደየቦታቸው ይገባሉ። እህቴ ጎንበስ ብላ ፊቴ ላይ ትደቀናለች።

«እሺ፣ ምን ይታይሃል?»

ከጆሮዋ በላይ አንዲት ነጭ ፀጉር ከሌሎቹ ተነጥላ ቆማለች፤ እስከ ሥሯ ድረስ ትታየኛለች። ጭኔ ላይ ያረፉት ሁለት ጣቶቼ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እንደ መቀስ ተከፍተው ይዘጋሉ።