የጓዝ ተሸካሚው ጨርቅ

«የኔ እህት፣ ጨርቁን መልሺልኝ! ተሳስተሻል!»

ሴትዮዋ ዞር ብላም አላየችኝ። ቀሚሷን ሰብስባ በሱፍ አጣቢዎቹ ሰፈር ቁልቁል ትሮጣለች፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ በዚህ ቀትር፣ እያነከስኩ እከተላታለሁ። ደጁ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «አይዞህ፣ ትደርስባታለህ! ብቻ ሚስትህ እንዳትሰማ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሚስት ቢኖረኝ ፍርግያ ድረስ ምን አመጣኝ።

የዚህ አገር ሰው የመምህሬን ገላ የነካ ጨርቅ ይፈውሳል ብሎ አምኗል። ወንጌል በሰበኩበት ሁሉ መሀረብ አይተርፋቸውም፤ ትናንት መታጠቂያቸውን ሳይቀር ወሰዱባቸው። ዛሬ ጠዋት ጓዙን ሸክፌ ስጨርስ ላቤን የጠረግኩበትን ጨርቅ ከመምህሬ መጎናጸፊያ ጎን አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። አሁን ሴትዮዋ መጥታ ላፍ አደረገችው። የኔን! ከእጅ አይሻል ዶማ!

ያሳደረን ሰውዬ «ልጇ ልትሞትባት ነው፣ ተዋት» አለኝ። መተውስ በተውኳት። አብረናቸው የምንጓዘው በቅሎ ነጂዎች ሊነሱ ነው፤ ካመለጡን ሽፍታ ያለበትን ተራራ ብቻችንን ልንሻገር ነው። ግን የኔን ላብ ታቅፋ ተአምር ስትጠብቅ ልጇ ብትሞትስ? ይህን ይዤ ሌላ ከተማ መግባት አልችልም። የምሸከመው ይበቃኛል።

አንዲት ዝቅተኛ ቤት ገባች፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ተከትያት ገባሁ። ቤቱ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተዘርግታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጨርቄ ግንባሯ ላይ ነው። እናቷ አጠገቧ ቆማ ትወዛወዛለች።

«ስሚኝ» አልኳት ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። «ይህ የመምህሩ አይደለም። የኔ ነው። እኔ ጓዝ ተሸካሚ ነኝ፤ ማንንም ፈውሼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የእርስዎ እንደሆነ። ሲሰቅሉት አይቻለሁ። የመምህሩንማ ትናንት አምጥቼላት ነበር፤ ጎረቤቶቼ ሳይመሽ ነጥቀው ወሰዱት።»

«እና የኔ ምን ያደርግልሻል?»

«ዛሬ ጠዋት አጥሩ ጋ ነበርኩ» አለች። «ጓዙ ላይ ተቀምጠው ‹ጌታዬ፣ ከእንግዲህ አልችልም› ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ፊትዎን ጠረጉና ተሸክመው ተነሱ። እኔም ዛሬ አልችልም ብዬ ነበር፣ አባቴ። እርስዎ የተነሱበትን ነው የፈለግኩት።»

ከመምህሬ ጋር አገር ላገር ስዞር አርጅቻለሁ፤ የኔን ነገር የፈለገ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ ማቆምም አልቻልኩም።

ጨርቁ በትኩሳቱ ደርቋል። እንስራው ጥግ ላይ ነበር። የቀረችውን ውሃ ጨርቁ ላይ አፈሰስኩና መልሼ ግንባሯ ላይ አኖርኩት።

«መቼ ነው የተኛሽው?»

«እንጃ።»

«በይ ተኚ። እኔ አለሁ።»

«መንገደኛ አይደሉ እንዴ? ትተውኝ—»

«ተኚ አልኩሽ!»

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ የማታውቀውን ሽማግሌ አየችና መልሳ ከደነች። ቃጭሉ ከላይ መንገድ ሲርቅ ሰማሁ። በቅሎዎቹ ሄዱ። አልተነሳሁም።

ያ ቀልደኛ ሽማግሌ ጠቁሟቸው ነው መሰለኝ መምህሬ ራሳቸው መጡ። «ዞቲቆስ!» አሉ ከደጅ፣ አደባባይ በሚሞላው ድምፃቸው። «የት ጠፋህ? ሰዎቹ ጥለውን ሄዱ እኮ!»

በዘመኔ ሁሉ ለእኚህ ሰው ከ«እሺ» ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«ቀስ ይበሉ፣ መምህር» አልኩ። «ሰው ተኝቷል። ውሃም አልቋል።»

በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ሴትዮዋን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡና እንስራውን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።