ሰባት ቀይ እንቁላሎች

ባዶው ብልቃጥ ከሽንኩርት ልጣጩ ስር ብቅ ሲል ኔቬና ቆሻሻውን ልትደፋ የጓሮው በር ላይ ደርሳ ነበር። አነሳችው። ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት የነበረበት ነው፤ ክዳኑ ላይ የተሳለው ግን ለውዝ ነው።

"እማማ፣ ይሄ ምንድነው?"

አማቷ ስቶያንካ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቀይ እንቁላል በዘይት ጨርቅ ይወለውላሉ። በጸሎተ ሐሙስ ሰባት እንቁላል በስተው፣ ውስጡን እፍ ብለው አውጥተው፣ ቅርፊቱን አጥበው አደረቁ። ነገ ለፋሲካ ማዕድ የሚቀርቡትን ሰባት ሰዎች የስም መጀመሪያ ፊደል በሰም ጻፉበትና ቀይ ቀለም ውስጥ ነከሩት። ዛሬ፣ በቅዳም ሥዑር ጠዋት፣ ቸኮሌት አቅልጠው ሞሉና ቀዳዳውን ደፈኑ። ከሩቅ ላያቸው ሰባቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

"ቸኮሌቱ አነሰኝ" አሉ ስቶያንካ፣ ቀና ሳይሉ። "ለአንዲት እንቁላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘሁትን ሞላሁባት።"

"ለውዝ አለበት እኮ!"

"በዚህ ዓይኔ ጽሑፍ ላነብልሽ ነው? እንዳልቀምሰው ጾም ላይ ነኝ። አንቺ ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብሽ። በእኛ ጊዜ ለውዝ ሰው ገደለ ሲባል አልሰማንም።"

ኔቬና ግን እባቡን አይታዋለች። ባለፈው ጥቅምት የስድስት ዓመቷ ካሊና አንዲት ብስኩት በልታ ከንፈሯ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ፊቷ ሰማያዊ ሆነ። ሐኪሙ አንድ መርፌ ሰጥቶ፣ ዳግመኛ ከተነሳባት ወግተሽ ሩጪ ነው ያላት። ሆስፒታሉ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። መኪናዋን ደግሞ ባሏ በግ ሊያመጣ ይዟት ሄዷል።

"የትኛዋ ናት?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። እጄ ያገኘውን ነው የሞላሁት።"

ኔቬና ቅርጫቱን ሳበችው። አማቷ እጅ ላይ ካለችው ጋር አምስት ናቸው። ደግማ ቆጠረች። አምስት።

"ካሊና!" ስትል ድምፅዋ የራስዋ አልመስል አላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ልጅቷ የማገዶው ክምር ጀርባ ተሸሽጋ ተገኘች፤ አንድ እጅዋ ኮቷ ኪስ ውስጥ፣ በሌላው ግማሽ እንቁላል፣ አፏ ዙሪያ ቡናማ።

"የባባን ነው የበላሁት" አለች ቶሎ ብላ፤ አያቷን የምትጠራቸው ባባ ብላ ነው። "ባባ ትጾም የለ? እሷ ቸኮሌት አትበላም።"

ኔቬና ተንበረከከች። ከንፈሯን አየች፣ ምላሷን አስወጣቻት፣ አንገቷን ዳሰሰች። ከጥቅምት ወዲህ ከወገቧ ያልተለየውን መርፌ አወጣች። "ያሳክክሻል? ጉሮሮሽን ያንቅሻል? ተናገሪ!" ካሊና መርፌውን ስታይ ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ፊቷም ቀላ። ከለቅሶው ይሁን ከለውዙ በምን ይለያል? ኔቬና እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሰባተኛዋ እንቁላል የት እንደገባች መጠየቅ እንኳ አልታሰባትም።

ስቶያንካ በምርኩዝ እየተንገዳገዱ ደረሱ። ግማሿን እንቁላል ከልጅቷ እጅ ወሰዱ። እኚህ ሴት ስልሳ ዓመት ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም፤ ሳንባቸውን ታመው ቄሱ ራሳቸው ወተት ጠጪ ሲሏቸው እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ናቸው። ለፋሲካ አንድ ሌሊት ሲቀር ቸኮሌቱን ከነቅርፊቱ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ቸኮሌት ብቻ ነው" አሉ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ዓይኔ ነው እንጂ ያረጀው ምላሴ አላረጀም።"

ኔቬና አመነቻቸው፤ መርፌውን ግን አላስቀመጠችም። አማቷ ወደ ቤት ተመልሰው ቅርጫቱን አመጡና የእንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ተቀመጡ። አንዱን ሰብረው ቀመሱ። "አይደለም።" ሁለተኛውን። "አይደለም።" ድምፃቸው በየእንቁላሉ እየቀነሰ፣ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። አምስተኛው የኔቬና ፊደል ያለበት ነበር። እባክህ አምላኬ፣ የኔ ይሁን፣ ብላ ለመነች።

"አይደለም" አሉ ስቶያንካ፣ በሹክሹክታ።

ሁለቱም ሴቶች እኩል ዞሩ። ካሊና ለቅሶዋን አቁማለች። አንድ እጅዋ ግን አሁንም ከኮቷ ኪስ አልወጣም።

"የኔን አትሰብሩም!" አለች ወደ ኋላ እየሸሸች። "ለነገ ነው የደበቅኩት! ነገ ሁላችንም እንቁላል ስናጋጭ የኔ ነው የሚያሸንፈው። የአጎቴን፣ የአባዬን፣ የሁሉንም ይሰብረዋል። ከዛ ብቻዬን ነው የምበላው!"

"አምጪ፣ የኔ አበባ" አሉ አያቷ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ባባን አየች። ባባ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። እንቁላሏን ቀስ ብላ አወጣችና መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ኪሷ ውስጥ ውሎ ሞቋል።

ስቶያንካ ከጉቶው ጋር ቀስ አድርገው አጋጩት። መቅመስ አላስፈለጋቸውም። የለውዙ ሽታ ኔቬና ድረስ መጣ።

አሮጊቷ ቅርፊቱን አልጣሉትም። ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ያገላብጡታል። የልጅቷ ፊደል ዙሪያ፣ ከሰባቱ በዚህ ላይ ብቻ፣ በገዛ እጃቸው በሰም የሣሉት አበባ አለ።