አንቱ ያልተባለው ታማሚ

የቀዶ ሕክምና መምህሩን ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ጋሽ አንቱ» ይሏቸዋል። ለእሳቸው ታማሚ ሁሉ አንቱ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ጨቅላ ሳይቀር «እንዴት አደሩ?» ተብሎ ያውቃል። ታማሚን «እሱ» ያለ ተማሪ ያን ቀን የቀዶ ክፍሉን ደጃፍ አይረግጥም።

ለዚህ ነው ወጣቷ ሐኪም የዛሬውን ስትሰማ ጆሮዋን ያላመነችው።

«ሰውዬው ጉንጩ ውስጥ እጢ አለበት» አሉ መምህሩ ቢሯቸው ተቀምጠው። ጉንፋን አልለቀቀኝም እያሉ አፍና አፍንጫቸውን ከሸፈኑ ሰንብተዋል። «እጢውን ሌላ ሐኪም ያወጣዋል። ጉድጓዱ የሚደፈነው ከግራ ክንዱ በሚነሳ ቆዳ ነው። የምታነሺው አንቺ ነሽ።»

የልጅቷ ልብ በደስታ ዘለለ። ለዓመታት መቀስ ስታቀብል ነው የኖረችው። መምህሩ ግን ፋታ አልሰጧትም።

«ቆዳው በምን ይኖራል?»

«በአውራ ጣት በኩል በሚወርደው የደም ቧንቧ። ቧንቧውን ከነቆዳው አነሳዋለሁ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች በሁለቱ ጡንቻዎች መሀል ነው ወደ ቆዳው የሚወጡት፤ እዚያ ጋ ቆዳውን ከቧንቧው አልለይም።»

«ጅማቶቹስ?»

«ስስ ሽፋናቸውን አልነካም። ከተራቆቱ ከሌላ ቦታ አምጥተን በላያቸው የምንለጥፈው ቆዳ አይዝም።»

«መዳፉን ምን ሊመግበው ነው? ቧንቧውን ወስደሽበት!»

«በትንሿ ጣት በኩል ያለው። ግን ሁለቱንም ተጭኜ የትንሿን ጣት በኩል ስለቅ፣ መዳፉ ቶሎ ደም መልበሱን ካላየሁ ቢላ አልይዝም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ደህና ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በራሴ ዓይን ካላየሁ አላምንም።»

መምህሩ ቅር አላላቸውም። ልጅቷ ግን ሌላ ነገር ከነከናት።

«ታማሚው ጀማሪ እንደምትሠራቸው ያውቃሉ?»

«አሳምሮ ያውቃል።»

«ምን አሉ?»

«ፈርቷል። ሚስቱማ ካልጠፋ ሐኪም ብላ አኩርፋዋለች። ምን ይደረግ፣ ግትር ነው። ሞኝም ሳይሆን አይቀርም።»

ልጅቷ ደሟ ፈላ። ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻትን ነርስ ጎትታ ጥግ አስያዘቻት።

«መምህሩ እንድሠራላቸው የሰጡኝን ታማሚ ሰውዬው ይሏቸዋል! ግትር፣ ሞኝ! ምን ቢበድሏቸው ነው?»

«ጋሽ አንቱ?» ነርሷ አማተበች። «ቂም ነው የኔ እህት፣ ሌላ ምን ይሆናል? አንቺን የመረጡትም ለዚሁ ነዋ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ!»

ነገሩ ልጅቷን አንገበገባት። ስትመኘው የኖረችው ዕድል የሰው ቂም መወጫ ሆኖ መጣ። እምቢ ብትል ሁለተኛ ላታገኘው ነው። እሺ ብላ እጇ ቢስት ደግሞ አንድ ምስኪን ሰው መዳፉን አጥቶ ሊቀር ነው። እያዘነች ወደ ቢሮው ተመለሰች።

«ታማሚውን አሁኑኑ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ክፍል ስድስት። ሂጂ፣ መጣሁ» አሏት መምህሩ።

በመንገዷ የምትለውን አሰናዳች። አባቴ፣ እምቢ ይበሉ። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ መምህሬ ደግሞ አይወዱዎትም።

አንኳኳች። መልስ የለም። ገፍታ ገባች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አልተኛበትም።

መምህሩ ተከትለዋት ገቡ፤ ነጩን ጋዋን አውልቀው ሰቀሉና አልጋው ላይ ወጥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራ እጃቸውን ዘረጉላት።